ስክሪፕታችሁ ምን እንደሚነካ ንገሩን

ይድረስ በየመሥሪያ ቤቱ ሼል ስክሪፕት (ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ያሉበት ፋይል) ለምትጽፉ የአይቲ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ሥራቸውን አይታችሁ ለምታጸድቁ የቡድን መሪዎች፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ሰርቨሮቹም ለጊዜው ደህና ናቸው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እናንተ የጻፋችሁትን ከሚያስኬዱት ወገን ሆኜ ነው። ባክአፕ የሚወስደው፣ የድሮ ሎግ የሚያጸዳው፣ ሌሊት ሪፖርት አውጥቶ ለአለቆች ኢሜይል የሚልከው ሁሉ የእናንተ የእጅ ሥራ ነው። እሱ ባይኖር ግማሹ ሥራ ይቆም ነበር። ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቅሬታም ግን አለኝ።

ቅሬታዬ ስለ ሄልፕ ነው። ስክሪፕቱን ጠርተን «--ሄልፕ» ስንለው ስለሚመልስልን ነገር። ብዙ ጊዜ የሚመልስልን ይህን ይመስላል፦

አጠቃቀም፦ ባክአፕ.ኤስኤች [ኦፕሽን]
-ዲ  ዳይሬክተሪ
-ኬ  ኪፕ
-ኤፍ  ፎርስ

(የኦፕሽኖቹን ፊደላት እዚህ በእኛው ፊደል ነው የጻፍኳቸው። ኪቦርዱ ላይ የትኞቹ እንደሆኑ አይጠፋችሁም።)

ይህን ያነበበ ሰው ምን አወቀ? ምንም። ዳይሬክተሪ የተባለው ባክአፕ የሚደረገው ፎልደር ነው ወይስ ባክአፑ የሚቀመጥበት? ሁለቱን ያምታታ ሰው ጉድ ፈላበት። ኪፕ የሚለው ቁጥር ቀን ነው ወይስ የፋይል ብዛት? ዜሮ ብለው ሁሉንም ያስቀራል ወይስ ሁሉንም ይሰርዛል? ፎርስስ ምኑን ነው የሚያስገድደው? «እርግጠኛ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ይዘላል ወይስ ባለው ፋይል ላይ ደርቦ ይጽፋል? የጻፈው ሰው መልሱን ሁሉ ያውቃል። ሄልፑን የጻፈው ግን ለራሱ ማስታወሻ ነው። እሱ ደግሞ ወይ ሥራ ለቋል፣ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ስልኩ ዝግ ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ሄልፕ ስትጽፉ ስክሪፕቱ ምን እንደሚነካ ጻፉልን። የቱን ፋይል ያነባል? የቱን ይቀይራል? የቱን ያጠፋል? እኛ ምንም ካላልነውስ በራሱ ምን ይወስናል? ያንኑ ስክሪፕት እንዲህ አድርጋችሁ እዩት፦

አጠቃቀም፦ ባክአፕ.ኤስኤች [-ኤን] [-ኤፍ] [-ኬ ቀናት] -ዲ መድረሻ ዳታቤዝ...
ዳታቤዞችን ገልብጦ መድረሻው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዚያ የቆዩ ቅጂዎችን ይሰርዛል።
-ዲ መድረሻ  ቅጂው የሚቀመጥበት ፎልደር። ከሌለ አይፈጥረውም፣ ይቆማል።
-ኬ ቀናት  ከዚህ ቀን በላይ የቆዩ ቅጂዎች ይሰረዛሉ። ካልተጻፈ 30 ነው። 0 ከሆነ ምንም አይሰረዝም።
-ኤፍ  የዛሬ ቅጂ ካለ ሳይጠይቅ ይተካዋል።
-ኤን  ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ያሳያል።
የሚነካቸው፦ መድረሻው ፎልደር፣ /ቫር/ሎግ/ባክአፕ.ሎግ
ምሳሌ፦ ባክአፕ.ኤስኤች -ኤን -ኬ 14 -ዲ /ባክአፕ/ሌሊት ደንበኞች

አሥር መስመር አይሞላም። ይህን ይዞ ተረኛው ማንንም ሳይቀሰቅስ ሥራውን ይሠራል። ካሬ ቅንፍ ውስጥ የገባው ቢቀርም ይቻላል ማለት ነው። ሦስት ነጥብ የተከተለው ሊደጋገም ይችላል። ይህ የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደረጃ) ስምምነት ነው፤ የሊኑክስ ማኑዋል ከፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። እባካችሁ የራሳችሁን ምልክት አትፍጠሩ።

«የሚነካቸው» የምትለው መስመር የእኔ ፈጠራ አይደለችም። የመጀመሪያው የዩኒክስ (የሊኑክስ አርአያ የሆነው ሲስተም) ማኑዋል የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። የዩኒክስ ፈጣሪዎች ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ሲያዘጋጁት ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ስሙን፣ አጠራሩንና መግለጫውን ጻፉ። እዚያ ላይ አላቆሙም። ትእዛዙ የሚጠቀምባቸውን ፋይሎች የሚዘረዝር ክፍል አለው። የታወቁ ጉድለቶቹን በግልጽ የሚናገር ክፍልም አለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ባለቤት» የሚል ርእስ አለ፤ ከሥሩ የጻፈው ሰው መጠሪያ ተቀምጧል። ቢሮው ትንሽ ነበር፣ ሁሉም ይተዋወቁ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ጻፉት። የእኛ ቢሮ ውስጥ ግን የሌሊቱን ሪፖርት የሚያወጣው ስክሪፕት የማን እንደሆነ ለማወቅ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይሄ የማነው?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ ብዙ ጊዜ «እኔም ስገባ ነበር» ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ስክሪፕቱ ረጅም ሰዓት ዝም የሚል ከሆነ ዝም እንደሚል ጻፉ። የጊትላብን (የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው ድርጅት) ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ የሚወራው ግን የተሰረዘው ዳታ ብቻ ነው። ከመሰረዙ በፊት የሆነውን እንየው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ማታ የድርጅቱ መሐንዲሶች ሁለተኛውን የዳታቤዝ ሰርቨር ከዋናው ጋር እንደገና ለማገናኘት ይታገሉ ነበር። የተጠቀሙበት የፖስትግሬስ (የዳታቤዙ ሶፍትዌር) መሣሪያ ፒጂ-ቤዝባክአፕ ይባላል። ትእዛዙን ሰጡት። ምንም ሳይል ተገተረ። ኢረር የለም፣ «እየሠራሁ ነው» የሚል መልእክትም የለም። በኋላ ሲጣራ ይህ ጤነኛ ባሕርይው ነበር፤ ዋናው ሰርቨር ዳታ መላክ እስኪጀምር ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህ ነገር በራሳቸው የሥራ መመሪያም፣ በመሣሪያው ይፋዊ ሰነድም ላይ በግልጽ እንዳልተጻፈ ድርጅቱ ባወጣው ሪፖርት ገልጿል።

እያንዳንዱ ደቂቃ ሲያልፍ ያ ዝምታ ብልሽት መሰለ። አንዱ መሐንዲስ ከቀደሙት ሙከራዎች የተረፈ ነገር መንገዱን የዘጋው መሰለው። የዳታ ፎልደሩን ላጽዳ አለ። ያጸዳው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ያለውን ነበር። ሰከንድ ወይ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ነቃና አቋረጠው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። የዕለቱ ባክአፕም አልተገኘም። ባክአፑን የሚወስደው ፒጂ-ደምፕ የተባለው ፕሮግራም ቨርዥን 9.2 ሆኖ ዳታቤዙ 9.6 ስለነበር በየጊዜው ሲከሽፍ ኖሯል። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ውድቅ ይደረግ ነበር። ያዳናቸው አንድ መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ ዳታ ግን ሄደ።

በአንድ መስመር ሄልፕ ይድኑ ነበር አልልም። የሁለቱ ሰርቨሮች ስም በአንድ ቁጥር ብቻ መለያየቱም የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን «ዋናው ሰርቨር እስኪጀምር ድረስ ያለ ምንም መልእክት ይጠብቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር የሆነ ቦታ ቢኖር፣ ያ ሰው ፎልደር ለማጽዳት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ ዳታቤዙን ገልብጦ እስኪጨርስ 40 ደቂቃ ስክሪኑ ላይ ምንም የማያሳይ ስክሪፕት ካላችሁ፣ 40 ደቂቃ ዝም እንደሚል ንገሩን። አለዚያ አንዱ ተረኛ መሃል ላይ ኮንትሮል-ሲ (አቋርጥ) ይለዋል። እኔን ጨምሮ ማንም ይለዋል።

ወደ ሌላው ልለፍ። «--ሄልፕ» ስንለው ሥራውን የሚጀምር ስክሪፕት አለ። ዋጋ ስትጠይቀው ዕቃውን ጠቅልሎ ሒሳብ የሚቀበል ባለሱቅ ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስክሪፕቱ የመጀመሪያውን ቃል ምንነቱን ሳያይ የፋይል ስም አድርጎ ይወስደዋል። እኛ ሄልፕ ጠየቅን፤ እሱ ሙሉውን ዳታቤዝ «--ሄልፕ.ኤስኪውኤል» የሚባል ፋይል ላይ ገለበጠው። አሁን ያንን ፋይል አጥፉት እስቲ። አርኤም (ፋይል ማጥፊያው ትእዛዝ) ብላችሁ ስሙን ስትጽፉለት፣ በሁለት ሰረዝ ስለሚጀምር ኦፕሽን ይመስለዋልና «አላውቀውም» ይላል።

እዚህ ላይ ግን የግኑን (ሊኑክስ ላይ የምናገኛቸውን መሠረታዊ ትእዛዞች የሠራው ፕሮጀክት) አርኤም ላመስግነው። «አላውቀውም» ብሎ ብቻ አይተዋችሁም። በዚያ ስም ፋይል መኖሩን ያያል፤ ካለ ደግሞ ከስሙ ፊት ነጥብና ስላሽ ጨምራችሁ ሞክሩ ብሎ ሙሉውን ትእዛዝ ጽፎ ያሳያችኋል። ገልብጦ መለጠፍ ብቻ ነው የሚቀረው። ተጠቃሚው የት ላይ እንደሚሰናከል ቀድሞ ያሰበ ሰው ነው ይህን የጻፈው።

ሌላው ዓይነት ደግሞ ሄልፕ ስትሉት «መጀመሪያ ሩት (ሙሉ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ) ሁን» የሚላችሁ ነው። ወይም መጀመሪያ ዳታቤዙ ጋ ሊገናኝ ይሞክርና፣ ኔትወርኩ ከሌለ ሠላሳ ሰከንድ አስጠብቆ በኢረር ይወጣል። ስለ ራሱ ለመናገር ፈቃድም ኔትወርክም ለምን ያስፈልገዋል? ኦፕሽን የሚያነበው ኮድ ከሁሉ በፊት ይምጣ። ኮንፊግ ፋይል ከመጫኑ በፊት፣ ፎልደር ከመቀየሩ በፊት፣ ከሩት ፍተሻው በፊት። የባሽ (ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሼል) ኦፕሽን አንባቢ፣ ጌትኦፕትስ፣ አጫጭሮቹን ኦፕሽኖች በደንብ ያነባል፤ ረጃጅሞቹን ግን አያውቅም። ለ«--ሄልፕ» ሁለት መስመር ኬስ («ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል ኮድ) በእጅ መጻፍ ነው፤ ያን ያህል አይከብድም።

«-ኤች»ስ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። አይበቃም። ዲኤፍና ዲዩ (የዲስክ ቦታ የሚያሳዩት ትእዛዞች) ላይ «-ኤች» መጠኑን በጊጋና በሜጋ ያሳያል። ግሬፕ (ጽሑፍ ፈላጊው) ላይ የፋይል ስም ይደብቃል። የፖስትግሬሱ ፒኤስኪውኤልና ማይኤስኪውኤል ላይ የሰርቨር አድራሻ ይጠብቃል። የጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ንዑስ ትእዛዞች ላይ ደግሞ አጭሩን ማስታወሻ ያወጣል፤ ማኑዋሉን የሚከፍተው ረጅሙ ነው። ስለዚህ ሰው የማያውቀው ስክሪፕት ላይ «-ኤች» ለማለት ይፈራል፤ ቢፈራም እውነቱን ነው። ሁለቱንም ተቀበሉ። የግኑ የኮድ አጻጻፍ ደንብም ማንኛውም ፕሮግራም «--ሄልፕ» እና «--ቨርዥን» ይኑረው ይላል። ሄልፑን በመደበኛው መውጫ አትሞ በዜሮ እንዲወጣም ያዛል።

የመውጫው ነገር ቀላል አይደለም። ሰው ጠይቆ የሚያገኘው ሄልፕ በመደበኛው መውጫ ይውጣ፤ ወደ ሌስ (ገጽ በገጽ ማሳያው) ወይም ወደ ግሬፕ ልናሳልፈው እንፈልጋለን። ሰው ተሳስቶ ሲጽፍ ግን ሌላ ነው። ያኔ ስድሳ መስመር ሄልፕ አትልቀቁብን። ስህተቱ ከላይ ሄዶ ይጠፋል፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትን ለማየት ስክሪኑን ወደ ላይ መጎተት ልንጀምር ነው። «-ኬ ቁጥር ይፈልጋል፤ የተሰጠው፦ ሠላሳ» የሚል አንድ መስመር በኢረር መውጫ ይውጣ፤ ከሥሩ «ለዝርዝሩ --ሄልፕ» ይበል፤ በቃ። ከዚያ በዜሮ አይውጣ። በዜሮ ከወጣ ክሮንም (ስክሪፕቶችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው)፣ ሞኒተሪንጉም፣ ከኋላው የተቀጠለው ስክሪፕትም ሥራው የተሳካ ይመስላቸዋል። ኦፕሽን ተሳስቶበት ምንም ሳይሠራ «ተሳክቷል» እያለ የሚያድር ባክአፕ ከሌለ ባክአፕ የባሰ ነው።

አሁን ስለ ሂርዶክ፤ ብዙ መስመር ጽሑፍ ስክሪፕቱ ውስጥ እንዳለ ስለሚጻፍበት መንገድ ማለቴ ነው። አብዛኞቻችሁ ሄልፑን በሂርዶክ ነው የምትጽፉት፤ ጥሩ ነው። ግን መክፈቻው ላይ ያለውን ቃል በጥቅስ ካላሰራችሁት፣ ውስጡ ያለው ዶላርና ባክቲክ (ወደ ኋላ ያጋደለው ነጠላ ጥቅስ) ይሠራል። ጽሑፍ መስሏችሁ የጻፋችሁት ትእዛዝ ይሆናል። ሰነድ መጻፍ የለመደ ሰው የትእዛዝ ስም ባክቲክ ውስጥ ማስገባት ይወዳል። «የቆዩትን ለማጽዳት ይህን ተጠቀም» ብሎ የማጽጃውን ትእዛዝ በባክቲክ አሰረው እንበል። ሰው ሄልፕ ባየ ቁጥር ጽዳቱ ይካሄዳል። ሄልፑ ላይ ደግሞ ትእዛዙ ሳይታይ ባዶ ቦታ ብቻ ይቀራል፤ ማንም ልብ አይለውም።

ሁሌ በጥቅስ እሰሩት እንዳልል ግን ሌላ ነገር አለ። ዲፎልቱን (ምንም ካልተባለ ስክሪፕቱ በራሱ የሚወስደውን) ሄልፑ ላይ በእጅ «30» ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ ከስድስት ወር በኋላ ዲስኩ ሲሞላ አንዱ ኮዱ ውስጥ ወደ 7 ይቀይረዋል። ሄልፑን አይነካውም። ከዚያ በኋላ ሄልፑ ይዋሻል፤ የሚዋሽ ሄልፕ ደግሞ ከሌለ ሄልፕ ይከፋል፤ ሰው አምኖት ይሠራልና። ስለዚህ እኔ ጥቅሱን ትቼ ዲፎልቱን ከራሱ ከቫሪያብሉ ማሳተምን እመርጣለሁ። ኮዱ ሲቀየር ሄልፑም አብሮት ይቀየራል። ባክቲክ ግን አይግባበት፤ የግድ ከሆነ ባክስላሽ ይቅደመው።

የእኛ አገር ጣጣ ደግሞ አለ፤ ቀንና ሰዓት። ኦፕሽኑ «ቀን» ይላል። በማን አቆጣጠር? የ2017 አምስተኛ ወር ሦስተኛ ቀን ብዬ ብጽፍለት፣ ለእኔ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 11 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ለሰርቨሩ ግን ሜይ 3 ቀን 2017 ነው። ኢረር አይሰጥም፤ ባዶ ሪፖርት ያወጣል። ባዶውን ያየ አለቃ «ምንም ግብይት አልነበረም ማለት ነው» ይላል። ስህተቱ ራሱን የሚያጋልጠው በጥቅምት መጨረሻና ጳጉሜን ላይ ብቻ ነው፤ ዴት የሚባለው ትእዛዝ የሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ወይም አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጠው አልቀበልም ይላልና። ከዚያ ውጪ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይከርማል።

ሰዓቱ ይብሳል። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይሠራል» የሚል ሄልፕ አይቻለሁ። በእኛ አነጋገር ትክክል ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን 02፡00 ነው፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከተሞላ ደግሞ 23፡00፣ ያውም በዋዜማው ቀን። አዲስ አበባ፣ ሳዑዲና ኳታር ያለ ሰው በዩቲሲ ላይ ሦስት ሰዓት ይጨምራል፤ ዋሽንግተን ሆኖ ያንኑ ሰርቨር የሚጠብቅ የአገራችን ልጅ ደግሞ እንደ ወቅቱ አራት ወይ አምስት ይቀንሳል። በርቀት ከአገር ቤት ጋር የሚሠራ ሰው እየበዛ ነው። ሄልፑ ላይ የሰዓት ቀጠናውን መጻፍ ስንት ፊደል ይፈጃል? «በዩቲሲ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር» ብሎ ጨረሰ። ቀኑ ላይም «በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን» በሉ፤ አንድ ምሳሌ ከጎኑ አስቀምጡ።

ሄልፑ በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ? ሁለቱም ያስኬዳል ባይ ነኝ፤ የሚያነበው ሰው የሚገባው ይሁን። የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ስክሪፕት ከሆነ ማብራሪያው በአማርኛ ቢሆን ደስ ይለኛል። በተለይ «ይሰረዛል» የሚለው መስመር። የኢረር መልእክቱን ግን በእንግሊዝኛ ብትተዉት ኢንተርኔት ላይ ሰርች ለማድረግ ይቀላል። አማርኛ ስትጽፉ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዱ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር የሚቀመጡበት ኮድ) ሦስት ባይት ይይዛል፤ ባሽ ውስጥ ማተሚያው ትእዛዝ ፕሪንትኤፍ ስፋቱን የሚቆጥረው በባይት ስለሆነ አሰልፋችሁ የሠራችሁት ሠንጠረዥ ይንሻፈፋል። መላው ማሰለፉን ትቶ ማብራሪያውን ከኦፕሽኑ ሥር በአዲስ መስመር መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ ሰርቨር ክፍል ገብታችሁ ሞኒተር በቀጥታ ስትሰኩ የሚመጣው ጥቁሩ የሊኑክስ ኮንሶል በተለመደው ፎንቱ የግዕዝ ፊደል አያሳይም። ከላፕቶፕ በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያው) ሲገባ ምንም ችግር የለውም። የአደጋ ጊዜ ስክሪፕት፣ ማለትም ኔትወርኩ ጠፍቶ ሰው በአካል ሄዶ የሚያስኬደው ከሆነ፣ እሱ እንኳን በእንግሊዝኛ ይሁን።

ለቡድን መሪዎች የምለው አጭር ነው። አንድ ሰው ሥራ ሲለቅ ላፕቶፑን፣ ባጁን፣ የቢሮ ቁልፉን በፊርማ ትረከባላችሁ። ክሮን ላይ የተቀመጡትን ስክሪፕቶቹንም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አስገቧቸው። አረካከቡም አያስቸግርም። ስክሪፕቱን ያልጻፈ ሰው ይቀመጥ። ያለ ሩት ፈቃድ፣ ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ «--ሄልፕ» ብሎ ይጥራው። ፎልደሩ ባዶ እንደሆነ ከቀረ አንድ ፈተና አለፈ። ከዚያ ሄልፑን ብቻ እያነበበ ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ ይህ ነገር ምን ያጠፋል? ምንም ካልተባለ ስንት ቀን ያስቀራል? ሳይነካ ብቻ እንዲያሳይ የሚያደርገው ኦፕሽን የቱ ነው? ካልመለሰ፣ ጸሐፊው ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ይጠየቅና ይሟላ። የስንብት ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

አዲስ የሚጻፈውን ዛሬ ጀምሩት። ለድሮዎቹ ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ ሁሉንም አንዴ አስተካክሉ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚሰርዙትን ብቻ አስቀድሙልን። ክሮን ዝርዝራችሁን ከፍታችሁ፣ ውስጣቸው አርኤም ወይም ፋይንድ (ፋይል ፈላጊው) ከዲሊት ጋር ያለባቸውን ፈልጉ። አርሲንክ (ፎልደሮችን የሚያመሳስለው) ከ«--ዲሊት» ጋር ያለበትንም እንዳትረሱ። የእነሱ ሄልፕ እስከሚቀጥለው የተረኞች ስብሰባ ቢደርስልን፣ የቀረውን ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን። ረቂቁን ላኩልን፤ ያልገባንን መስመር አስምረን እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሌሊት ተረኛ